ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ አያያዝ ማወቅ የሚገባን

የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ጨቆርሳ ያሉ ቤተ ሰቦችና የፕሮጀክት ሠራተኞችም «ብንገዛ እንዴት አድርገን እንይዘዋለን?» እያሉ ይጠይቁናል። መግዛት አለመግዛቱን እያንዳንዱ እንደ አቅሙና እንደ መንገዱ ይወስን። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ስለ አያያዙ ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው ዕቃ ባትሪው ነው። በአያያዝ ጉድለት ቢደክም አንድ ቤተ ሰብ በብዙ ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ አብሮ ይባክናል። መኪናው የፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ፣ ክትባት ይዞ ወደ ጌራ የወጣ የጤና ቡድን በመንገድ ሊቀር ይችላል።

አካባቢያችን ለኤሌክትሪክ ባዕድ አይደለም። በጅማ ዞን የሚገኘው ግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ1996 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም በግድብ ያለው ኃይል ሌላ፣ በየቤታችን ሶኬት የሚደርሰው ሌላ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ከቤታችን ይጀምራል።

ሁለቱ ባትሪዎች

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሁለት ባትሪ አለ። ትልቁ ከመኪናው ወለል ሥር የተዘረጋው የሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። ትንሹ እንደ ማንኛውም መኪና 12 ቮልት የሆነው ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ትንሹ ከደከመ መኪናው አይነሣም። ምክንያቱም ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን መዝጊያዎች የሚከፍተው ትንሹ ባትሪ ነው። ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ትንሹ ባትሪ የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ከሆነ፣ መኪናው ጥቂት ሰዓት ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ቮልት ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ይህም ሊቲየም ስለ ሆነ፣ ልኩን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያስፈልጋል።

ትልቁ ባትሪ በሁለት ዋና ዋና ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ኤል.ኤፍ.ፒ. ነው፤ ቢ.ዋይ.ዲ. «ብሌድ» የሚለው ባትሪ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከኮባልት የሚሠራው ኤን.ኤም.ሲ. ነው። አያያዛቸው ስለሚለያይ ባለ መኪናው የራሱን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ኤን.ኤም.ሲ. የሆነውን በዘወትር ቀን ከ80 በመቶ በላይ አለመሙላት መልካም ነው። መቶ በመቶ የሚሞላው ሩቅ መንገድ በሚወጣበት ቀን ብቻ ይሁን። ኤል.ኤፍ.ፒ. የሆነው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል መቶ በመቶ መሞላት አለበት። የዚህ ባትሪ ቮልት ሲሞላም ሲጎድልም ብዙ ስለማይለዋወጥ፣ የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ቆጠራው ይሳሳትበታል፤ ሙሉ ሲሆን ሒሳቡን ያስተካክላል። ሁለቱንም ዓይነቶች ግን ከ20 በመቶ በታች ማውረድን ልማድ አናድርግ። መኪናው ለብዙ ሳምንት የሚቆም ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቁም፤ ባዶውንም ሙሉውንም ማቆም ባትሪውን ያስረጀዋል።

የቤት ውስጥ አሞላል

ከተለመደው የ220 ቮልት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለብቻው በተዘረጋ መስመር 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ መሙያ ከተተከለ ግን ወደ 5 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። በጣቢያ የሚገኘው ፈጣን መሙያ ለመንገድ ይጠቅማል፤ በየቀኑ በእርሱ መጠቀም ግን ሙቀት ስለሚያበዛ አይመከርም።

በቤት ሲሞላ የሚከተሉትን እንጠንቀቅ።

አንደኛ፣ የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት፣ በትክክል መቀበሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። መሙያው የመሬት ሽቦ ካላገኘ ቀይ መብራት አሳይቶ አልሞላም ይላል። ይህን ለማታለል ሽቦ የሚቀጣጥል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉት። ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ የመኪናው አካል ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ እጁን ያሳረፈ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛ፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አትሙሉ። መሙላት ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናው ሲዳሰስ የሚያቃጥል ከሆነ መሙላቱን አቁማችሁ መስመሩን አስጠግኑ። የቤት ቃጠሎ የሚነሣው ከመኪናው ብቻ ሳይሆን ከደካማ ሶኬትም ነው።

ሦስተኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከልኩ በላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መንቀል፣ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይሻላል። በመብረቅ ጊዜም እንደዚሁ። ወፍጮና የቡና መፈልፈያ ከሚሠራበት መስመር ጋር የተያያዘ ቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢሞላ የተሻለ ኃይል ያገኛል።

ባትሪው መድከሙን እንዴት እናውቃለን?

የሊቲየም ባትሪ ዓመት በዓመት ጥቂት በጥቂት መድከሙ የማይቀር ነው። በብዙ አምራቾች ዘንድ የተለመደው ዋስትና ባትሪው በ8 ዓመት ወይም በ160,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው። ወደ አገራችን በግል አስመጪ የገባ መኪና ግን ይህን ዋስትና ይዞ ላይመጣ ስለሚችል፣ ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሰው የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ስንት እንደ ሆነ በመመርመሪያ መሣሪያ ሳይታይ ገንዘብ አይክፈል።

መሣሪያ በሌለበት በወረቀትና በእርሳስ ግምት ማግኘት ይቻላል። ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት መፍጀቱን ቢያሳይ፣ በዚህ ጉዞ 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጅቷል ማለት ነው። ባትሪው 24 በመቶ ከቀነሰ፣ 14.4 ለ0.24 ሲካፈል 60 ይመጣል፤ የባትሪው አቅም ይህ ነው። ከዓመት በኋላ ያው 14.4 ኪሎ ዋት ሰዓት 26 በመቶ ከወሰደ፣ አቅሙ ወደ 55 ወርዷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ በመቶ ልዩነት ውጤቱን ስለሚያዛባ ከአንድ ጉዞ ብቻ አትፍረዱ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ያዙ፤ ጉዞው በረዘመ መጠን ግምቱ ይበልጥ ይታመናል።

ከባትሪው ሌላ የሚታዩት

ይህ መኪና የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የነዳጅ ማጣሪያ የለውም። ጎማና ፍሬን ግን አለው። ባትሪው ከባድ ስለ ሆነ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ ነፋሱም ሲጎድል ብዙ ኃይል ይባክናል። በየሁለት ሳምንቱ ነፋሱ ይለካ።

ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪውንም ይሞላል። በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራ ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ሳይሠራ ስለሚውል በጅማ ዝናብ ይዝጋል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ዝገቱን ያራግፋል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ልኩ በየወሩ ይታይ፤ ቢጎድል አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ብቻ እንጂ የቧንቧ ውኃ አይጨመርበት።

በኮረኮንች መንገድ ከተሄደ በኋላ ጎንበስ ብሎ የባትሪውን ሽፋን ማየት ያስፈልጋል። ድንጋይ ያጎደጎደው ወይም የሰነጠቀው ከሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰድ። በጎርፍ የተዋጠ መኪና አይሞላም፤ ከቤትም ርቆ ይቁም፤ ውኃ የገባበት ባትሪ ከቀናት በኋላ ሊቃጠል ይችላልና። ጭስ ከታየ ሰው ሁሉ ይሽሽ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም አይንካ። በውስጣቸው ብዙ ጊዜ ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ኃይል አለ። በመኪና እጥበት ጊዜም በግፊት የሚረጭ ውኃ ወደ እነዚህ ገመዶች አይላክ።

ለረጅም መንገድ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የጊቤ ሸለቆ አለ። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ከ60ው ላይ 7 በመቶ ነው። ሲወርድ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለሆነም ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ሙሉ በሙሉ አምናችሁ አትውጡ፤ የት እንደምትሞሉና የመሙያው አፍ ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን በስልክ አረጋግጡ። ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ወዲያው ረጅም ቁልቁለት መውረድም አይገባም፤ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል።

በመጨረሻም በየመኪናው አንድ ደብተር እንዲቀመጥ እንመክራለን። የተሞላበት ቀን፣ መቶኛው፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የጎማ ነፋስና የተደረገው ምርመራ ይጻፍበት። ሾፌር ሲለወጥ ደብተሩ ከቁልፉ ጋር ይተላለፍ። ሥራው በቀን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ባትሪው መድከም ሲጀምርም ችግሩ በገጠር መንገድ ላይ ሳይሆን በግቢያችን ሳለን ይታወቃል።