ጉባኤው ሲያበቃ የሚጀመረው ደቦ

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ይገለገልበታል፣ ያሻሽለዋል። ከየአገሩ የሚላከውን ማሻሻያ መርምሮ “ይሄ ይግባ፣ ያኛው ይታረም” የሚል ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። ሜንቴይነር ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ የሚሠራው ማታ፣ ከእንጀራ ሥራው መልስ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ለሙያ ጓደኞቹ ጉባኤ ምን ሊያበረክት ይችላል? መቼም ቶሎ የሚታሰበን ንግግር ማድረግ ነው። እኔ ግን ትልቁ ውለታ ያለው ከመድረኩ ውጭ ነው እላለሁ።

ፓይኮንን እንይ። የፓይተን ቋንቋ ፕሮግራመሮች በአሜሪካ በየዓመቱ የሚገናኙበት ጉባኤ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በዋሽንግተን ዲሲ ተጀመረ። የቆመው በአመዛኙ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። የንግግር ማመልከቻዎችን አንብቦ የሚመርጠው፣ ተናጋሪውን ከማረፊያ ክፍሉ አጅቦ አዳራሽ የሚያደርሰው፣ ሰዓት የሚይዝለትም በጎ ፈቃደኛ ነው። ለረጅም ዓመታት ተናጋሪዎቹና አዘጋጆቹ ሳይቀሩ የመግቢያ ይከፍሉ ነበር።

ዋናው ጉባኤ ሲያልቅ ስፕሪንት የሚባሉት ቀናት ይከተላሉ። የእኛን ደቦ ያስታውሳሉ። በዋዜማው ሜንቴይነሮች ተራ በተራ እየወጡ “እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሥራ አለ፣ ኑ” ብለው ይጋብዛሉ፤ በማግስቱ ሁሉም በየጠረጴዛው ይከባል።

አንዲት ጀማሪ መጣች እንበል። ላፕቶፗን ከፍታ የአጫጫን መመሪያውን ስትከተል አምስተኛው ትዕዛዝ ላይ ስህተት ይመጣባታል። ቤቷ ብትሆን “ያልገባኝ እኔ ነኝ” ብላ ትዘጋው ነበር። ሜንቴይነሩ አጠገቧ ተቀምጧልና ጎንበስ ብሎ ያያል። መመሪያውን ሲጽፍ የራሱን ሊኑክስ ብቻ እያሰበ ኖሯል፤ የእሷ ዊንዶውስ ነው። ኪቦርዱን ግን አይነጥቃትም፤ “እዚህ ጋ ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል?” ይላታል። ሁለት መስመር ጽፋ ትልካለች፤ አንብቦ ይቀበላል። ምሳ ሳይደርስ ስሟ በሶፍትዌሩ የለውጥ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሜንቴይነር ብቻውን ሲቀር የሚመጣውን ግን እ.ኤ.አ. በ2024 አይተናል። ኤክስዜድ የተባለውን፣ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የሚገኝ የፋይል መጠን መቀነሻ ሶፍትዌር፣ ለዓመታት የተሸከመው በዋናነት አንድ ሰው ነበር። መድከሙንም በግልጽ ተናግሯል። በሐሰት ስም የቀረበ “አጋዥ” ሁለት ዓመት ያህል አብሮት ሠርቶ፣ እምነቱን አግኝቶ፣ በመጨረሻ ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ ደበቀበት። የተደረሰበት ሌላ ፕሮግራመር የኮምፒውተሩ መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን ልብ ብሎ ስለተከታተለው ነው። ድካምን የሚካፈል፣ ፊቱ የሚታወቅ ሰው ማፍራት የደኅንነት ጉዳይም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስፕሪንት ደግሞ ዝግጅት ይፈልጋል። ጎበዝ ሜንቴይነር ከሳምንታት በፊት ለጀማሪ የሚሆኑትን ሥራዎች መርጦ ምልክት ያደርግባቸዋል። ራሱ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሳትን ስህተት እያየ፣ ለሚመጣው ሰው ብሎ ሳይነካት ያቆያታል።