ወርቁ በጥቁር ይሣላል

ጥር ሲቃረብ ማተሚያ ቤት የሚገቡ እጮኞች ስልካቸውን እንደያዙ ነው የሚገቡት። ስልኩ ላይ ያለው ሥዕልም እምብዛም አይለያይም፤ ክሬም በሚመስል ወፍራም ወረቀት ላይ የሁለት ሰው ስም በወርቅ ያብረቀርቃል። «ልክ እንደዚህ ይሁንልን» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያ ሥዕል ራሱ ለኅትመት ሲላክ ነው።

ስክሪን ላይ ወርቅ የመሰለን ነገር ከቢጫ ወደ ቡኒ፣ ከቡኒ ወደ ነጭ እየደበዘዘ የሚሄድ ቀለም ብቻ ነው። ማሽኑ ያሉት አራት ቀለሞች ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው፤ እነሱን ቢያዋህድ የሚያወጣው የሰናፍጭ መልክ ነው። ብርሃን መመለስ የቀለም ሥራ ስላልሆነ የሚያብረቀርቀው ክፍል ለብቻው፣ በሌላ ዙር ይታተማል።

ያ ዙር ፎይል ይባላል። ፎይል በጣም ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የተነነ አሉሚኒየም ተነስንሶበታል፤ ከአሉሚኒየሙ ጋር ቢጫ ላክ አለ። ካርዱ ላይ አንዲት ቅንጣት ወርቅ የለችም ማለት ነው፤ አማቶች ይህን ባይሰሙ ይሻላል። በጽሑፉ ቅርጽ የተቀረጸ ብረት ከ100 ዲግሪ በላይ ይግልና ፎይሉን ወረቀቱ ላይ ይጫነዋል። ብረቱ የነካበት ይጣበቃል፤ ያልነካበት ከፕላስቲኩ ጋር ይነሣል።

ብረት ደግሞ ወይ ይነካል ወይ አይነካም፤ ግማሽ መንካት የለውም። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ወርቁ ወርቅ መስሎ መታየት የለበትም። ጥላ፣ ድብዘዛ፣ ብልጭታ ሁሉ ይወገድና ፎይል የሚያርፍበት ቦታ በራሱ ሌየር ላይ፣ ጥርት ባለ ቬክተር፣ መቶ በመቶ ጥቁር ሆኖ ይሣላል። ወይም «ፎይል» የሚል ስም የተሰጠው አንድ ስፖት ከለር ይሆናል፤ መልኩ ሮዝ ቢሆንም ማሽኑ ግድ የለውም። አንጥረኛ ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ሲሸፍነው፣ ሰሙም ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው እንደሚገባ ማለት ነው። ጥቁሩ ሌየር ሰሙ ነው። ቅኔ ለሚወድ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ከባድ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ዛሬም ከሚመጡት ፋይሎች ብዙዎቹ በሚያብረቀርቅ ሥዕል የተሞሉ ናቸው።

የእኛ ፊደል ለብቻው መነጋገር የሚገባው ነው። ስለ ፎይል የሚሰጡት መመሪያዎች አብዛኛዎቹ ለላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ የሃምስን ቀለበት አያውቋትም። ከዓመታት በፊት ለአክስቴ ልጅ ካርድ ስሠራ የሙሽራዋን ስም፣ ቤተልሔምን፣ ቀጭንና ቄንጠኛ በሆነ ፎንት፣ በትንሹ ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ ያምር ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ፎይሉ የቀለበቶቹን ቀዳዳ ደፍኗቸዋል፤ «ቤ» እግሯ ላይ ጉብታ ይዛ «ቢ» መስላለች፣ «ሔ» ደግሞ «ሒ»። ሙሽራዋ ቢተልሒም ሆና ተዳረች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ማሽኑ የሰጠሁትን ነው ያተመው።

ከዚያ ወዲህ ለፎይል ከ0.25 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አልሰጥም፤ የቀለበት ቀዳዳ ደግሞ ከዚያም ሰፋ ማለት አለበት። ስሙን አጉልቶ ሃምሶቹን አንድ በአንድ ማየት፣ ካስፈለገም ቀዳዳውን በእጅ መክፈት ነው። የአራት ነጥብ ነጥቦችም ሲያንሱ ይረግፋሉ። ረጅሙን የጥሪ ቃል፣ አዳራሹንና አድራሻውን በተራ ቀለም አድርጉት፤ ወርቁ ለስሞቹ ይበቃል። ሁሉም ነገር የሚያብረቀርቅበት ካርድ ለዓይኔ የሱቅ ማስታወቂያ ነው።

ፎይሉ በሁለተኛ ዙር ስለሚታተም ትንሽ መሸሹ አይቀርም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሸሽ የተለመደ ነው። ከሥሩ የታተመ ቀለም ካለ ፎይሉን ኦቨርፕሪንት ላይ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ የሥሩን ቀለም በፊደሉ ቅርጽ ይቆርጠውና ዳሩ ላይ ነጭ ክር ይታያል። የወርቅ ክፈፍ የሚወዱም አሉ። ክፈፉ ጠርዝ ላይ ከተጠጋ መቁረጫው ጥቂት ሲስት አንዱ ጎን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል። ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ከወረቀቱ ጫፍ ድረስ የሚሄድ ቀለም ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ትርፍ ይኑረው።

ስፖት ዩቪም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ የራሱ ሌየር፣ የራሱ ጥቁር። በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ወዲያው የሚደርቅ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ነው፤ ውበቱ የሚታየው ማት ላሚኔሽን ላይ ነው። አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ማፍሰሱ ገንዘብ መጣል ነው።

እኔ ግን ለኢምቦስ አደላለሁ። ቀለም የለውም፣ ብልጭታ የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ ከፍ ይላል። የብራና መጽሐፍ ድጉሰት ያየ ሰው ይህን ውበት ያውቀዋል፤ በጋለ ብረት ቆዳው ላይ የታተመው መስቀልና ሐረግ የሚታየው በጥላው ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ስስ ወረቀት ይቀደዳል፤ 300 ግራምና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ከፊት የጎበጠው ከጀርባ ይሰረጉዳልና በዚያ ቦታ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አታስቀምጡ።

ፋይሉ ከመላኩ በፊት ፊደሉ ሁሉ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ቬክተር ቅርጽ፣ ይለወጥ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ፎንቶች በላቲን ቁልፎች ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የሙሽራው ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ግን ተመልሶ አይታረምምና ያልተለወጠውን ቅጂ አስቀሩ።

ወደ ከርቭ ከመለወጡ በፊት ደግሞ ጽሑፉ በወረቀት ወጥቶ በሁለቱም ቤተሰብ እጅ ይዙር። ዲዛይነር የማያየውን አባት ያያል፤ አያት የነበራቸው ማዕረግ ተዘልሏል፣ የእናት ስም ከአባት ሥር ገብቷል፣ «ከቀኑ 6 ሰዓት» የሚለው ከውጭ አገር ለሚመጡት ዘመዶች ማለዳ ይሆንባቸዋል። ወረቀት ላይ ይህ በእስክሪብቶ ይታረማል። ብረቱ ከተቀረጸ በኋላ «ፊታውራሪ» የምትለውን አንዲት ቃል ለመጨመር ሌላ ብረት ማስቀረጽ፣ ዋጋውንም እንደገና መክፈል ነው፤ ሠርጉ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ነው።