ቆሮሶ ለሐይቅ ባሕር ነባር ነውን?

ከደሴ በስተሰሜን፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ባለው ባሕር የሚጠመደው ቆሮሶ ለተመልካች ከጥንት በዚያ የኖረ ይመስላል። ስሙ አገርኛ ነው፤ በጣናም በዝዋይም በአዋሳም የሰው እጅ ሳያስገባው የኖረ ዓሣ ነው። ወደ ሐይቅ ባሕር የገባው ግን በ1971 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሰው አምጥቶት ነው።

ስለዚህ ነባርና መጤ የሚለው ነገር በየውሃው እንጂ በአገር ስም አይፈረድም። በሐይቅ ባሕር ነባር የሚባለው አምባዛ እንኳ በዝዋይ መጤ ነው፤ በ1980 ዓመተ ምሕረት ገደማ ማንም ሳያስበው ገብቶ ተራባ። ዓሣ ተራራ አያቋርጥም፤ የሐይቅ ባሕርም መፍሰሻ የሌለው ዝግ ውሃ ነውና ቆሮሶ በራሱ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ይህ ምን ያሳስባል ቢሉ፥ ቆሮሶ ከመግባቱ በፊት ባሕሩን የመረመሩ ሊቃውንት የውሃ ቁንጫ አግኝተውበት ነበር። ይህች ደቃቅ ፍጥረት ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ረቂቅ ዕፅ እየበላች ታጠራዋለች፤ የቆሮሶ ጫጩት ደግሞ እርስዋን ይበላል። ከዓመታት በኋላ ሲመረመር ቁንጫዋ ጠፍታ፥ ውሃውም ጥራቱን አጥቶ ተገኘ። ጥፋቱን ሁሉ በዓሣው ላይ መጣል ግን ፍርድ ማጉደል ነው፤ ከዳገቱ በጎርፍ የሚወርደው አፈርም ድርሻ አለውና። ደግሞም ቆሮሶ ለባሕሩ ዳር ሰዎች ምግብና ገበያ ሆኖላቸዋል።

በጣና የሚፈራው ከዚህ ይበልጣል። በዚያ ካሉት የቢልጫ ወገኖች 15ቱ በዓለም ላይ በሌላ ውሃ አይገኙም። ለይቶ ያኖራቸው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው፤ ከታች ያለው ዓሣ 40 ሜትር ያህል ገደል ወጥቶ አይቀላቀላቸውም። ጫጩት በበርሜል የጫነ ሰው ግን ያንን ገደል በአንድ ቀን ያልፈዋል።

እንግዲህ በግዛቱ ውሃ ጫጩት ይጣል ተብሎ የተጠየቀ ሹም አስቀድሞ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን ጠርቶ በውሃው የትኛው ዓሣ እንደ ኖረ፥ የትኛውስ መቼ እንደ ታየ ይጠይቅ። ውሃው ሲሞላ ወዴት እንደሚፈስም ያስመልክት። አዲስ በተገደበ ኩሬ ጭንቀቱ ያንሳል፤ ይኸውም ትርፉ ወደ ወንዝ የማይወርድ እንደ ሆነ ነው። ከፈቀደም ቀኑን፥ የዓሣውን ስም፥ የመጣበትን ውሃና የጫጩቱን ቁጥር በመዝገብ ያስጽፍ፤ ለዝዋይ አምባዛ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የጻፈለት የለም።