የከበደው መሪው ነው ወይስ ትከሻው?

ትልቋ ልጃችን ትዳሯን የያዘችው ሞጣ ነው፤ እኛ ደግሞ ቢቸና እንኖራለን። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አሮጌ ኮሮላውን አስነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ መመላለስ ልማዱ ሆኗል። ሲሄድ ጤፍና በርበሬ ይጭናል፤ ሲመለስ የልጅ ልጆቹን ወሬ ይዞልኝ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ግን መኪናዋ ታመመች። መሪው ሲዞር ታቃስታለች፤ ከቆመችበት ስትነሳም ቀላ ያለ ዘይት መሬቱ ላይ ይቀራል።

አብሮን የሚኖረው የልጅ ልጃችን ጋራዥ ገብቶ ሙያ በመማር ላይ ነው። የመሪው ፓምፕ እንደሚያፈስ ያወቀውም እሱ ነው። አዲስ ፓምፕ ውድ መሆኑን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣ።

“አባባ፣ ይህን ይመልከቱ። ፈረንጆቹ የስፖርት መኪናቸውን ፓወር ስቲሪንግ ራሳቸው ነቅለው ይጥሉታል። ለምን እኛም አናወጣውም?”

ባለቤቴ ሳቀ። “እኔ እኮ በላንድሮቨር ያረጀሁ ሰው ነኝ! መሪ ሊከብደኝ?”

እውነቱን ነው። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እኔ ጀማሪ ነርስ፣ እሱ ደግሞ የጤና ጥበቃ ሾፌር ሆነን የክትባት ሣጥን ጭነን በዚያ መንገድ ብዙ ተጉዘናል። ያ ላንድሮቨር ፓወር ስቲሪንግ የሚባል ነገር አያውቅም። በክረምት ዋልካው ጎማውን ሲይዘው ባለቤቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሙሉ ክንዱ ነበር መሪውን የሚያዞረው። ለረዳቶቹ ሁሉ የሚሰጠው አንድ ምክር ነበረው፦ “አውራ ጣትህን ወደ መሪው ውስጥ አታስገባ።” ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ይዞርና ጣት ይሰብራልና።

ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ተስማሙ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንግያ ወጣ፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰለ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን በኋላ ከአንድ የዕድሜ ባለጠጋ መካኒክ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ፓወር ስቲሪንግ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካው ክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ በቺንግያ ፓምፑን ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በኃይል ይገፋል፤ ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር ያ ዘይት ጎማውን ለመጠምዘዝ ያግዘዋል። እንደ ቪትዝ ባሉት መኪኖች ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ታዲያ የስፖርት መኪና ነጂዎች ለምን ያወጡታል? በመወዳደሪያ ሜዳ ላይ መሪው ያለ ዕረፍት ስለሚዞር ዘይቱ ይግላል፣ አንዳንዴም ገንፍሎ ይፈሳል። ፓምፑ ከሞተሩ ጥቂት ጉልበት ይወስዳል። ከሁሉም በላይ ነጂው ጎማው መንሸራተት ሲጀምር በእጁ ሊሰማው ይፈልጋል። መኪናዎቹም ቀላል ናቸው፤ የእንግሊዙ ሎተስ ኤሊዝ ከመጀመሪያውም ያለ ፓወር ስቲሪንግ የተሠራ ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና መሪው ይቀላል፤ የሚከብደው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ነው። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካው የኢንዲካር ውድድር ያለ ፓወር ስቲሪንግ የሚነዱት ሰዎች ክንዳቸውንና ትከሻቸውን ለዚሁ ሲያሠለጥኑ የሚኖሩ ስፖርተኞች ናቸው። የፎርሙላ ዋን መኪኖችማ ፓወር ስቲሪንግ አላቸው።

ሁለተኛው ነገር አወጣጡ ነው። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ቺንግያ በማውለቅ ብቻ አይተዉትም። ከመሪው ጥርስ ቤት ውስጥ ዘይቱን ያወጣሉ፤ የውስጡን ማሸጊያ ያነሳሉ፤ ወይም ያለ ፓወር የተሠራውን የመሪ ጥርስ ፈልገው ይቀይራሉ። ያለ ፓወር የሚሠራ መሪ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ለክንድ ይቀላል። የኛ ኮሮላ ግን መሪው በጥቂት ዙር እንዲጠመዘዝ የተሠራው እርዳታ ይኖራል ተብሎ ነው። ቺንግያው ብቻ ሲወጣ ሾፌሩ ጎማውን ብቻ ሳይሆን ውስጥ የቀረውን ዘይት ጭምር ነው የሚገፋው። ስለዚህ መኪናዋ ከዚያ ከጥንቱ ላንድሮቨር ጋር የምትወዳደር አልነበረችም። በአንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ያው ቺንግያ የውኃውን ፓምፕ ወይም ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ ስለሚያዞር ጉዳቱ ይብሳል።

በሦስተኛው ጉዞ ባለቤቴ ከሞጣ ሲመለስ፣ ደብረ ወርቅን አለፍ እንዳለ፣ ጭነት የያዘች አህያ ከፊቱ ገባችበት። ፍሬን ይዞ መሪውን ወደ ቀኝ ሊያዞር ሲል ግራ ክንዱ እምቢ አለው። መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውም አህያም አልተጎዳም። ማታ ቤት ሲገባ ግን ሸሚዙን እንኳ ብቻውን ማውለቅ አቃተው።

የልጅ ልጃችን አለቀሰ። “እኔ ነኝ አባባን የጎዳኋቸው” አለ። በማግስቱ ፓምፑን አውርዶ፣ የሚያፈሰው ማሸጊያው ብቻ መሆኑን አይቶ፣ አለቃውን አስፈቅዶ አሳደሰው። ቺንግያው ተመለሰ፤ መሪው እንደ ድሮው ቀለለ።

ትከሻው ግን አልቀለለም። ያኔ የነርስነት ዓይኔን ከፈትኩ። ክንዱን እኔ ሳነሳለትም፣ ራሱ ሲያነሳም ከግማሽ አያልፍም። ጀርባውን በእጁ መንካት አይችልም። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብለው ዝም አለ። በመጨረሻ “ዓመት ይሆነዋል” አለኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኩት፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ትከሻ ተጨምድዶ የመያዙ ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታያል። ይህን ለስንት ሕመምተኛ ያስረዳሁ ሴት፣ በገዛ ቤቴ ሳላየው ቀረሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የመሪው ዘይት ሕመሙን ሸፍኖለት ኖሯል።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ ይህን ልንገራችሁ። በቤታችሁ የሚነዳ አዛውንት “መሪው ከበደኝ” ካለ ሁለት ነገር መርምሩ። አንደኛ መኪናውን፦ የጎማው ንፋስ ጎድሏል? የመሪው ዘይት ወርዷል፣ ጠቁሯል ወይስ ተቃጥሎ ይሸታል? ሲዞር ድምፅ ያሰማል? መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ መያዝም ፓምፑን ስለሚጎዳ ከጥቂት ሰከንድ አይለፍ። ሁለተኛ ሰውየውን፦ ሁለቱንም ክንዶቹን ወደ ላይ ማንሳት ይችላል? ጣቶቹን ጭብጥ ማድረግስ? ሌሊት ትከሻው ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰዋል? ስኳሩንና የደም ግፊቱን ከተለካ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? አንድ ክንድ በድንገት ከዛለ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያዘ ግን ይህ የጭንቅላት ደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ወጣቶቻችንንም አትቆጧቸው። ልጁ ወጪ ሊያድነን ፈልጎ ያደረገው ነው። ግን በስልክ ያየው መኪና የሚነዳው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚነዳ፣ ከመንቀሉ በፊት ምን እንደተሠራ እንዲጠይቅ አስተምሩት።

ባለቤቴ አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያስኬደ ትከሻውን ያፍታታል። ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ወደ ሞጣ የሚነዳው የልጅ ልጁ ነው። አያት አጠገቡ ተቀምጦ “አውራ ጣትህን!” ይለዋል።