ያውቁ ኖሯል? እብነ በረድ ሎሚ አይወድም

መርካቶ ወርደው የወለል ድንጋይ ሲመርጡ ከቀለሙ በፊት ባሕርዩን ይጠይቁ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዙ ዳለቲም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ የእብነ በረድ ዋና ማዕድን አብዛኛውን ጊዜ ካልሳይት ነው። ሎሚ ጠብ ሲልበት ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፤ ቦታው ወዙን ያጣል፣ በጨርቅ ቢወለውሉትም አይመለስም፤ እንደገና በማሽን መላግ ያስፈልገዋል። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ነው፤ በግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7። ስለዚህ አሸዋ በጫማ ለሚገባበት የሱቅ ወለል፣ ሎሚና አቼቶ ለማይለየው ማድ ቤት ግራናይት ይሻላል። ደረጃ ላይ ግን ልሙጡን አይምረጡ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። እብነ በረዱ ለሳሎን ግድግዳ ይሁን፤ እዚያ ውበቱ ይቆያል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቁራጭ ናሙና ይጠይቁና ሎሚ ጠብ ያድርጉበት።