የነቀርሳ ምርምር ከገጠር መዝገብ ይጀምራል

በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚካሄድ የነቀርሳ (ካንሰር) ምርምር የሊቃውንት ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ በኡጋንዳ፣ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት በሙላጎ ሆስፒታል የተጀመረው የጋራ ምርምር ለዚህ በቂ መልስ ይሰጣል። የምርምሩ መሠረት የገጠሩ ሕዝብና በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1957 በሙላጎ ይሠሩ ለነበሩት ቀዶ ጠጋኝ ለዶክተር ዴኒስ በርኪት መንጋጋው በግራም በቀኝም ያበጠ ሕፃን ቀረበላቸው። ብዙም ሳይቆይ በጂንጃ ከተማ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ልጅ አዩ። የሆስፒታሉን መዝገብ ሲያገላብጡም ሌሎች እንዲህ ያሉ ሕፃናት መኖራቸውን ተረዱ። በሽታው ዛሬ በስማቸው በርኪት ሊምፎማ ይባላል።

በሽታው የት የት እንደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የሕሙማን ፎቶግራፍ ያለበት መጠይቅ ወደ ብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ተላከ። በ1961 ደግሞ ዶክተር በርኪት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘው የገጠር ሆስፒታሎችን ጠየቁ። መልሱ በካርታ ላይ ሲሰፍር በሽታው የሚበዛው ሙቀትና ዝናብ ባለበት፣ ወባም በሚጸናበት ቆላ መሆኑ ታወቀ።

ሥራው እንዴት ተከፋፈለ?

ሕሙማኑ ያሉት በኡጋንዳ ሲሆን የረቀቀው ማይክሮስኮፕ ያለው በለንደን ነበር። ስለዚህ ከሕፃናቱ የተወሰደው የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክ ጀመር። በ1964 ዶክተር አንቶኒ ኤፕስታይንና ባልደረቦቻቸው ኢቮን ባርና በርት አቾንግ ከዚሁ ናሙና ቀድሞ የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ።

ነገር ግን ነቀዝ በተበላሸ እህል ውስጥ ስለተገኘ እህሉን ያበላሸው ነቀዙ ነው ወይስ ከተበላሸ በኋላ ገባበት የሚለው ማጠያየቁ አይቀርም። ይህን ለመለየት ሕፃናቱ ገና ጤነኞች ሳሉ ደማቸው መወሰድ ነበረበት። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት መሪነት ከ1972 እስከ 1974 በኡጋንዳ ዌስት ናይል አውራጃ ከ42,000 ያህል ሕፃናት ደም ተወስዶ በበረዶ ቤት ተቀመጠ። ከዚያም ማን እንደሚታመም ለዓመታት ተጠበቀ።

በ1978 ውጤቱ ሲገለጽ ቀደም ሲል ደም ሰጥተው ከታመሙት መካከል የተመረመሩት 14 ነበሩ። ጤነኛ ሳሉ በተወሰደው ደማቸው ውስጥ ሰውነት ቫይረሱን የሚከላከልበት ንጥረ ነገር ካልታመሙት ልጆች ልቆ ተገኘ። 14 ልጆችን ከ42,000 ለይቶ ከዓመታት በፊት ከተቀመጠ ደም ጋር ማገናኘት የሚቻለው የልጁ ስም፣ የወላጁ ስምና መንደሩ በትክክል ሲመዘገብ ብቻ ነው። ቤተሰቡ አካባቢ ሲለውጥ የሚያስታውቅ ከሌለ የልጁ ደም ከንቱ ይቀራል።

ዛሬ እንደሚታወቀው ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው ውስጥ ይገኛል። የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ተደጋግሞ የሚይዝ ወባም ለበሽታው መንገድ ይጠርጋል።

ለሕዝቡ ምን ተመለሰለት?

ምርምሩ ደም ወስዶ በመሄድ አልተወሰነም። በ1967 ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ጋር በሙላጎ የሕክምና ማዕከል ከፈተ። በመድኃኒት የዳኑ ሕፃናትም ታዩ። በኢዲ አሚን ዘመን የውጭ አገር ሐኪሞች አገሪቱን ለቀው ሲወጡ ማዕከሉን ዶክተር ቻርልስ ኦልዌኒና ሌሎች ኡጋንዳውያን ይዘው ቀጠሉ። ለዚህ ያበቃቸው ሥራውን አብረው መማራቸው ነው። በ2015ም ከሲያትሉ ፍሬድ ሀቺንሰን ማዕከል ጋር በመተባበር አዲስ የሕክምናና የምርምር ሕንፃ ተከፍቷል።

ከዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ነው። ተመራማሪ ወደ ቀበሌያችሁ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ፣ ናሙናው የት እንደሚሄድ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ውጤቱስ መቼ ለሕዝቡ እንደሚነገር ጠይቁ። ወላጅ ሳይስማማ የልጅ ደም አይወሰድ። የተወለደውን፣ የሞተውንና አካባቢ የለወጠውን በየጊዜው መዝግቡ።

ከሁሉም በላይ መንጋጋው ወይም ሆዱ ያበጠ ሕፃን ስታዩ ወላጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱት ምከሩ። ይህ በሽታ ከነቀርሳዎች ሁሉ ፈጥነው ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ሊድን ይችላል።