«ሰው ምን ይለኛል?» በብር ሲመነዘር

የስፖርት መኪና ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ሐሜቱ ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጧል

አቶ እገሌ እንበላቸው። መርካቶ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም አላቸው። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ብዙም አልራቀ። ሰኞ ጠዋት አንድ ደላላ ደወለላቸው፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በዓመት አንዴ ቢወጣ ነው» አላቸው። ዕቃው ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ የስፖርት መኪና ነው። ሊብሬው ንጹሕ፣ ቀረጡ የተከፈለ፣ ሞተሩ ያልተነካ። አቶ እገሌ ሄደው አዩት፣ ነዱት፣ ወደዱት። በዋጋም ተቀራረቡ። ቀብድ ለመክፈል የቀረው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር።

ያችን ሌሊት ግን አልተኙም። የገንዘቡ ነገር አላሳሰባቸውም፤ ገንዘቡ አለ። የጎረቤት ባለ ሱቆች፣ የእቁቡ ዳኛ፣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጧቸው አስመጪ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ከአገር ቤት በየበዓሉ የሚመጡት ዘመዶች በየተራ ፊታቸው ድቅን አሉ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፤ «ከየት አመጣው?»

አቶ እገሌን የፈጠርናቸው ለዚህ ጽሑፍ ነው። ጭንቀታቸውን ግን አልፈጠርነውም። ከመኪና ደላሎች ጋር ቡና የጠጣ ሁሉ፣ ዋጋው ተስማምቶት ሳለ ይሉኝታው ስላሸነፈው የሸሸ ገዢ ወሬ ሳይሰማ አይነሳም። ለመሆኑ ይህ ይሉኝታ ከንቱ ነገር ነው ወይስ ዋጋ ያለው ነገር? ዋጋ ካለውስ ስንት ነው?

ስም ካፒታል ነው

«ሰው ያለውን ይበል፣ የራስህን ኑር» የሚለው ምክር ለደመወዝተኛ ሊሠራ ይችላል። ለነጋዴ ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። በእኛ ገበያ ብዙው ንግድ የሚሽከረከረው በስም ነው። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ለቸርቻሪው ዕቃ በዱቤ የሚለቀው በመተማመን ነው። እቁብም ቢሆን ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው እንዲከፍል ተያዥ የሚጠራው፣ ከዚያም በላይ ስሙን የሚያስይዘው ለዚህ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በገበያ ግን ከመቃብር በፊትም ዕለት ተዕለት ይመነዘራል።

ስለዚህ መኪና ወሬ ይናገራል፤ የሚናገረው ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ነው። አሮጌ መኪና ይዞ የቀጠለ ነጋዴ «እጁ አጥሮታል» ሊባል ይችላል። የስፖርት መኪና የገዛ ደግሞ «የሰው ገንዘብ እያሽከረከረ ነው» ይባላል። ሁለቱም ወሬ ዱቤ ሰጪው ጆሮ ይደርሳል። አስመጪው አቶ እገሌን በቀይ መኪና ባያቸው ማግስት ያለፈውን ወር ሒሳብ በትሕትና ቢጠይቃቸው አያስደንቅም። ይህ ምቀኝነት አይደለም፤ ገንዘቡ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ጥንቃቄ ነው።

ፍርሃቱ ታሪክ አለው

ሀብትን መደበቅ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ነበር። የዚያን ዕለት ሥዕል ብዙዎች እስከ ዛሬ አልረሱትም። በዚያው ዓመት ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ጎልቶ የታየ ሰው «ቡርዧ» እየተባለ የሚጠራበት ዘመን ነበር። ያን ያየ አባት ለልጁ ያስተላለፈው ትምህርት ቀላል ነው፤ ብላ፣ ግን አፍህን ጥረግ።

ዘመኑ ቢለወጥም ፍርሃቱ ምክንያት አላጣም። በ2009 ዓ.ም ክረምት የዕለት ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ቅሬታ ማሰማታቸው ይታወሳል። ገቢ በግምት የሚታወቅበት ነጋዴ ገማቹ የሚያየውን ነገር ሁሉ ይፈራል። በ2017 ዓ.ም የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን የሚመለከት ድንጋጌ ይዟል። እንግዲህ «ከየት አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ከጎረቤት አፍ አልፎ ወረቀት የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ሒሳቡ የተያዘለት፣ ግብሩን የከፈለ፣ ገንዘቡ በባንክ የተንቀሳቀሰ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። መልስ የሌለው ሰው ግን ፍርሃቱን ይሉኝታ ብሎ ቢጠራው ራሱን ማታለል ነው። እሱን የሚያሰጋው መኪናው ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ ቪትዝ ቢገዛም አይድንም።

ሁለት ወንበር ብቻ

ሐሜቱ በላንድክሩዘር ላይ ይህን ያህል የማይበረታውና በስፖርት መኪና ላይ የሚበረታው ለምንድን ነው? አንዳንድ ላንድክሩዘር ከስፖርት መኪና ይበልጥ ይወደዳል እኮ! ልዩነቱ ወንበሩ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛት ጎረቤት በሌሊት የምትሄድበት፣ ለቀብር እድርተኛ የሚጫንበት፣ ለሠርግ የሚጠየቅ ነው። ስምንት ሰው የሚይዝ መኪና የገዛ ሀብታም «እግዜር ይስጠው» ሊባል ይችላል፤ ሰው ይጭናልና። ባለ ሁለት ወንበር የገዛ ግን ገና ሞተሩን ሳያስነሳ «ማንንም አልጭንም» ብሎ የተናገረ ይመስላል። ሐሜቱ ስለ ዋጋው ቢመስልም ውስጡ ይህ ቅሬታ አለ። ቤት ውስጥ ሌላ የቤተሰብ መኪና ያለው፣ በለቅሶውም በደስታውም የማይጠፋ ሰው ይህን ሐሜት በግማሽ ይቀንሰዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ

ለስሌት ያህል መኪናው 15 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። የአቶ እገሌ ዕቃ በዓመት አራት ጊዜ ይገላበጣል፤ በየዙሩ የተጣራ 5 በመቶ ያተርፋል እንበል።

በመጀመሪያ ሐሜቱን እንመንዝረው። ወሬው ክፉ ሆኖ፣ 5 ሚሊዮን ብር ዕቃ በዱቤ ይሰጡ የነበሩት አስመጪ «ከእንግዲህ እጅ በእጅ» አሉ እንበል። አቶ እገሌ 5 ሚሊዮን ብር የሚያሽከረክሩት የሰው ገንዘብ አጡ ማለት ነው። በየዙሩ 250 ሺሕ፣ በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ትርፍ ቀረባቸው። ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ቀጥለን መኪናውን እንመንዝረው። 15 ሚሊዮኑ ብር የወጣው ከንግዱ ከሆነ፣ በየዙሩ ሊያስገኝ ይችል የነበረው 750 ሺሕ ብር ቀረ፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ብር። ይህ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ መለዋወጫና ጋራዥ ሳይቆጠር ነው።

እነሆ፣ አቶ እገሌ ሌሊቱን ሙሉ የተገላበጡት ስለ 1 ሚሊዮኑ ነው። ስለ 3 ሚሊዮኑ ግን አንድም ደቂቃ አላሰቡም። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ንግድ ልክ ይለዋውጣቸው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሐሜቱ ይልቅ መኪናው ራሱ ይበልጥ የሚያስከፍል ሆኖ ይገኛል። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ጥያቄ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ «ገንዘቤ ምን ይለኛል» የሚለውን ጥያቄ ይሸፍነዋል።

«መኪና አይወርድም» የሚሉ

አንዳንዱ «ምን አለበት፣ ነገ በበለጠ እሸጠዋለሁ» ይላል። እውነት ነው፣ በአገራችን መኪና በብር ሲታይ ዋጋው ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ብዙም አልታየም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩና ሞተራቸው በገዘፈ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑ ይፋ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እነዚህ ሁሉ በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ዋጋ ወደ ላይ ይገፋሉ።

ነገር ግን ዋጋ መጨመርና ገዢ ማግኘት ይለያያሉ። ቶዮታ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ጠዋት ቢወጣ ማታ ገዢ አያጣም፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ፣ መካኒኩም በየመንደሩ። የስፖርት መኪና ሆድ ግን ከመሬት የሚርቀው ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በመሆኑ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባየ ቁጥር ይሳቀቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን እዚሁ ያጣል። የአዲስ አበባና አዳማ የፍጥነት መንገድ የተነደፈው በሰዓት ለ120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፖርሽ 911ን የመሰለ መኪና ደግሞ ወደ 300 ይጠጋል። ባለቤቱ የገዛውን ፍጥነት የሚጠቀምበት ቦታ የለውም።

ከሁሉም በላይ ነገ የሚገዛው ሰው ይሉኝታን ያሸነፈ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። አቶ እገሌን ያስጨነቀው ሐሜት ነገ ገዢያቸውንም ያስጨንቀዋል። ስለዚህ የሰው አስተያየት በአንድ መንገድ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ «ይህን መኪና ብነዳ ምን ትላላችሁ?» ተብሎ ሳይሆን «ብሸጠው ትገዙታላችሁ?» ተብሎ።

የተገላቢጦሹ ወጥመድ

ሐሜትን ፈርቶ ከማይገዛው ይልቅ የሚያሳዝነው ሐሜትን ፈርቶ የሚገዛው ነው። «ከሰረ እንዳይሉኝ» ብሎ ውድ መኪና ላይ የሚወጣ አለ። አሜሪካዊው ቶርስቴን ቬብለን ለታይታ የሚደረግን ወጪ የገለጸው በ1899 እ.ኤ.አ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ ደግሞ ቶማስ ስታንሊና ዊሊያም ዳንኮ ስለ አሜሪካ ሚሊየነሮች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አብዛኞቹ ሀብታሞች ውድ የቅንጦት መኪና እንደማይነዱ አሳዩ። የዋልማርት መሥራች ሳም ዋልተን በዓለም ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ሆነው ሳለ የ1979 ፎርድ ፒክአፕ ይነዱ ነበር። ያን ፒክአፕ አይቶ ዕቃ የከለከላቸው አቅራቢ ግን አልነበረም፤ ስማቸውን የያዘው የክፍያ ልማዳቸው እንጂ መኪናቸው አልነበረምና።

ለእኛም ገበያ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሒሳቡን በቀኑ የሚከፍል ሰው በምንም ቢመጣ ይከበራል። የማይከፍል ሰው በምንም ቢመጣ አይታመንም። ዱቤ ሰጪው መኪና የሚመረምረው ስለ ክፍያው ሲጠራጠር ነው።

ታዲያ ይግዙ ወይስ አይግዙ?

ይህ ገጽ ማንንም ከደስታው አይከለክልም። ዕድሜ ልኩን በሱቅ የቆመ ሰው አንድ ቀን የሚያምር ነገር ቢያምረው ነውር የለበትም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ተብሏል። ነገር ግን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ሰዎችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ የቤትዎን ሰው፤ ይህ ገንዘብ የእሷም ነውና ከደላላ አፍ መስማት የለባትም። ሁለተኛ፣ የሒሳብ ሠራተኛዎን፤ ገንዘቡ ከየት እንደወጣ በወረቀት ማሳየት ይቻል እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ብዙ ዱቤ የሚሰጥዎትን ሰው፤ ዕዳውን ከፍለው ወይም ቀኑን አስረግጠው፣ ወሬው ሳይቀድምዎት ራስዎ ይንገሩት። ከነዚህ ሦስት በቀር የቀረው ሰው የሚለው ሁሉ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ዕቃ አይሰጥም፣ ዕዳም አይጠይቅም።

ገንዘቡ ከንግዱ ካልተነካ፣ ወረቀቱ ካለ፣ ሦስቱም ከተስማሙ መኪናውን ይግዙና በደስታ ይንዱ። ከሦስቱ አንዱ ፊቱን ካጠቆረ ግን ያን ማዳመጥ ይሉኝታ አይባልም።

አቶ እገሌ ማክሰኞ ጠዋት ለደላላው ደወሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዛሬ ዓመት ልሽጠው ብል ማን ይገዛኛል?»

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነዋ፣ ጋሼ!»

«እንደ እኔ ያለውማ ይኸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ አድሮ ገና አልገዛም።»

ደላላው ሳቀ። ዋጋውንም ያኔውኑ ቀነሰ።